የአሥራ ሰባት ቁጥር ነዋሪ

ሰኞ 2

ዝናቡ ዛሬ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን ግን ረጅሙ በኮምፒውተር ስለሚይዝ ደብተሩ ለኔ ተረፈ። ባዶ ገጽ ሳይ ደግሞ እጄ አርፎ አይቀመጥም። የድሮ በሽታዬ ነው።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። "ልጆቹ" የምላቸው ከኔ ስለሚያንሱ ነው እንጂ ትንሿም ሃያ ሁለት ሞልቷታል። ረጅሙ ኮምፒውተር ይማራል፤ በራችንን ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል። ጠበቃ የምንለው ጠበቃ አይደለም፤ ግን ከሻዩ ስኳር ጋር እንኳ ይሟገታል። ነርሷ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የሰፈሩ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይ፣ የተሳሳተውን እንዲያስተካክል፣ መረጃው ማን እጅ ገብቶ ምን እንደሚወሰንበት እንዲያውቅ ነው የሚታገሉት። የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር እኔን የቀጠረኝ እነሱን እንድደግፍ ነው። ሃያ ዓመት ቤት ለቤት እየዞርኩ ስመዘግብ ስለኖርኩ መግቢያ መውጫውን ታውቃለች ተባለ።

የመጀመሪያ ትምህርቴን ዛሬም ደገምኩላቸው። ወረቀት ሲሰጣችሁ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት "ማን ሞላው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጠበቃ በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ከዚያ ነርሷ የራሷን ጉዳይ አወጣች። እናቷ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል። ሆስፒታሉ ተራ የሚሰጠው በነዋሪ መዝገብ ነው። እነሱ ከሦስት ዓመት በፊት የተከራዩት ቤት ግን መዝገቡ ላይ ተይዟል ይላል። አንዲት እናትና ልጅ ይኖሩበታል።

"እኛም እናትና ልጅ ነን። ግን እኛ አይደለንም" አለች። የሚቀጥለው የተራ ዝርዝር በመጪው ወር በ14 ይዘጋል። ሐኪሙ ከዚያ የሚቀጥለውን አትጠብቁ ብሏቸዋል።

"ቁጥሩ ስንት ነው?" አለ ጠበቃ።

"አሥራ ሰባት። የላይኛው ረድፍ።"

ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣሁት።


ረቡዕ 4

ችኮላ። የማኅበሩ ጣሪያ ያፈሳል፤ ሁለት ባልዲ ደቅነናል።

ለመዝገብ ጽሕፈት ቤት የመረጃ ጥያቄ አስገባን። ጠበቃ ደብዳቤውን አራት ገጽ አድርጎት ነበር፤ ወደ አንድ አወረድኩት። "እትዬ፣ ሥጋውን ጨርሰው ጣሉት እኮ" አለኝ። ቢሮ ውስጥ የሚነበበው አጥንቱ ነው አልኩት።

ትንሿን ስልክ ቻርጅ አደረግኩ። ሁለተኛ ስልኬ ናት፣ መደርደሪያው ላይ የምትቀመጥ። መልእክት ነበራት። "ውድ ነዋሪ፣ በመጪው ወር በ3 አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዎታል። በዕለቱ በአካል ቀርበው ፎቶና አሻራ በመስጠት የራስዎን ካርድ ይውሰዱ።"

የተሳሳተ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ብዙ ይመጣል።


እሑድ 8

ታላቅ እህቴ መጣች። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ገብታ ቤቱን አጨቀየችው፤ ከዚያ ቤትሽ እርጥብ ነው አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ትንሿን ስልክ አየቻት።

"ይቺን እስካሁን ትመግቢያታለሽ?"

"ቻርጅ ነው የማደርጋት።"

"ማን ይደውልላታል?"

"ማንም።"

እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ "ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው እኮ" አለች። ምኑ አልኳት። ምኑ ማለት አልነበረብኝም። ምሳዋን ሳትበላ ሄደች፤ እኔም እስከ በር አልሸኘኋትም። ሁልጊዜ እንዲህ አደርግና ሁልጊዜ ይቆጨኛል።


ማክሰኞ 10

የአሥራ ሰባት ቁጥር መዝገብ መጣ። ረጅሙ አትሞ ግድግዳው ላይ ዘረጋው፤ ሰባት ገጽ ነው። እናትየዋ አንድ ገጽ እንኳ አትሞላም። ስድስቱ የልጅቷ ነው። ክትባቷ ተሟልቷል። በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ቦታ ተይዞላታል፤ በየዓመቱ ክፍል አልፋለች። የቤተ መጻሕፍት ካርድ አላት። የጥርስ ምርመራ ቀርታ በሚቀጥለው ዓመት ተመርምራለች። ክብደት፣ አምሳ አንድ ኪሎ።

"ሰው ካልሆነች ክብደት ከየት አመጣች?" አለ ረጅሙ።

"ሰው ብትሆን ኖሮማ ቤት ውስጥ እናገኛት ነበር" አለች ነርሷ። ሳቁ። "ጎረቤታችን" ብለው ስም አወጡላት። ጠበቃ አንድ ባዶ ወንበር ጎትቶ፣ "ጎረቤት፣ ተቀመጪ፣ ስብሰባ ነው" አለ። ያንን ወንበር እስከምንወጣ ድረስ ማንም አልተቀመጠበትም።

በመጨረሻው ገጽ ታች፦ የምትጽፍበት እጅ፣ ግራ።

ይህን እኔ አልጻፍኩም። ያኔ ቅጹ ላይ የእጅ ሳጥን አልነበረም።


ሐሙስ 12

ግራ እጅ። ለማን ነግሬ አውቃለሁ? ለማንም። መቀሷ እምቢ እያላት ታለቅስ ነበር። ይህንን የምናውቀው እህቴና እኔ ብቻ ነን።

ትንሿን ስልክ ቻርጅ አደረግኩ።


ቅዳሜ 14

የነርሷን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ከልጆቹ ጋር ላለመሄድ ሰበብ ፈልጌ አጣሁ።

በሩ ሰማያዊ ነው። ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ከሥር አረንጓዴ ይታያል። ነርሷ፣ "ይጣበቃል እትዬ፣ በትከሻ ነው" ከማለቷ በፊት በትከሻዬ ገፋሁት። አየችኝ። እንጨት በዝናብ ያብጣል አልኳት።

አንድ ክፍል ናት፣ በመጋረጃ የተከፈለች። አልጋው ከእርጥበቱ እንዲርቅ ጡብ ላይ ተቀምጧል። እናትየው ሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ተኝተው መተንፈስ አይችሉም። እግራቸው አብጧል። ግን ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ የልባቸውን ነገር ሲያወሩ፣ "እንደ መንግሥት ቢሮ ሆኗል፣ ሲፈልግ ይከፍታል" አሉኝ።

ነርሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እህቴ፣ ልጄ ትስቅብኛለች። ሲመሻሽ አንዲት ልጅ እበሩ ጋ ትቆማለች።"

"የጎረቤት ልጅ?"

"እንጃ። አትገባም፣ አትሄድም። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ለምጃታለሁ። ፊቷን አላየሁትም፣ ብርሃኑ ከኋላዋ ነው። አቋቋሟ ግን እናቷ የዘገየችባት ልጅ አቋቋም ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ብቻቸውን ቀርተው እንደሚቆሙት።"

ምንም መጠየቅ አልነበረብኝም። "ቁመቷስ?" አልኩ።

"እዚህ ስንገባ ትከሻዬ ጋ ነበረች። አሁን እኔን ታክላለች።"

ነርሷ ጄሪካኗን ይዛ ገባች፤ ሰምታለች። "እማዬ፣ ኦክስጅን ሲያንስ ነው፤ መጽሐፉ ላይ አለ" አለች። ልክ ናት። እውነትም መጽሐፉ ላይ አለ። ሳይመሽ ተሰናብቼ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ጎን አልኩ።


እሑድ 15

ይህን ገጽ ነገ ልቀደው እችላለሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጄ የሞተችው በስድስት ዓመቷ ነው። ትኩሳት፤ ሦስት ቀን። በአራተኛው ወር ሥራ ግቢ፣ ቤት ከመዋል ይሻልሻል አሉኝ ሁሉም። ምዝገባ ላይ ነበርን። ሦስት ጊዜ ተንኳኩቶ የማይከፈት በር በእኛ ቋንቋ "ዝግ ቤት" ይባላል። ደንቡ ዝግ ነው ብለህ ጻፍና እለፍ ይላል። ልማዱ ሌላ ነበር። በቀን አርባ ቤት ያልሞላ መዝጋቢ በማግስቱ ተመልሶ ይላካል፤ ስለዚህ ዝግ ቤትን ከጎረቤት ጠይቀን እንሞላለን፣ ጎረቤት ከጠፋ ከራሳችን እንሞላለን። ሁላችንም እናደርገው ነበር። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ አያት፤ ማንም የማይጠራጠረው ቤተሰብ። ሻይ ቤት ስንገናኝ "ዛሬ ስንት ወለድክ?" እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ያን ቀን አርባኛው ቤት አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር። አረንጓዴ በር። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ዝናብ ነበር። የምጽፍበትን ሰሌዳ በሩ ላይ አስደግፌ እናት ብዬ ጻፍኩ፣ ዕድሜዋን የኔን። ቀጥዬ ልጅ፣ ስድስት ዓመት፣ ሴት። ስሟንም የልደቷንም ቀን ጻፍኩ። ተሳስቼ ነው ማለት አልችልም፤ ቀስ ብዬ፣ በጥሩ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። የስልክ ሳጥኑን ባዶ ትቼ ወደ ቤት ሄድኩ፤ በማግስቱ ትንሿን ስልክ ከነቁጥሯ ገዝቼ ሞላሁት።

በዓመቱ የክትባት ማስታወሻ መጣ። ከዚያ የትምህርት ቤት። ከዚያ በየዓመቱ፣ "በዚህ ቤት መኖርዎን ለማረጋገጥ 1 ብለው ይመልሱ"። እመልሳለሁ። አንዲት ቁጥር ናት። ሰባተኛ ክፍል ገባች ሲለኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ፤ በምን ምክንያት ሲሉኝ እንዲሁ ነው አልኳቸው።

ማንንም አልጎዳሁም እል ነበር። ቤቱ ዝግ ነበር።


ረቡዕ 18

ማኅተምን አገኘሁት። ድሮ አብረን ቤት ለቤት ዞረናል፤ አሁን የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ያገኘውን ሁሉ ማኅተም መምታት ስለሚወድ ስሙ ወጣለት። ለልጆቹ ጉዳይ ነው የመጣሁት አልኩት። ነውም።

"የማይኖር ሰው እንዴት ክብደት ይኖረዋል?" አልኩት።

"ማሽኑ ነዋ። የጎደለውን ከእኩዮቿ አይቶ ይገምታል። ክፍሏን በዕድሜዋ ያሳልፋታል። አትገረሚ፣ እንደኛው ነው፤ ባዶ ሳጥን አይወድም።"

"ግራ እጅም ይገምታል?"

"እሱን እንጃ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ነው የሚባለው፤ ይሄ ማሽንም እንደዚያው ነው።" ሳቀ። ዳቦ እየበላ ነበር።

ቤቱን ለማስለቀቅ ምን ያስፈልጋል አልኩት። ቀላል ነው አለ፦ እናትየዋ የመልቀቂያ ቅጽ ትፈርማለች፣ ልጇንም ይዛ በአዲስ አድራሻ ትመዘገባለች። ግን ልጅቷ አሥራ ስምንት ሳትሞላ ነው። ከሞላች የራሷ ሰው ናት፤ ወይ ራሷ መጥታ ትፈርማለች፣ ወይ የሞት ማስታወቂያ ይሞላል። "ሌላ ቅጽ የለም። ያልነበረ ሰው የሚባል ቅጽ የለንም።"

"ፈጠራ ቢሆንስ?"

"ፈጠራማ አይደለም። በየዓመቱ አለሁ እያለ የሚመልስ ሰው አለ።" ዳቦውን አስቀምጦ አየኝ። ወይም ፍርፋሪውን ነው ያየው።

ቤት ስደርስ ትርፏን ክፍል ከፍቼ አየሁ። የመስኮቱ መጋረጃ ይቀየር ቢባል ከባድ አይደለም። አድራሻዬን በአዲሱ ቅጽ ላይ ብጽፈው አንድ መስመር አይሞላም።


ሰኞ 23

አልፈረምኩም። ነገ፣ ነገ። ብፈርም ለምን አንቺ ትፈርሚያለሽ ይላሉ፤ ብናገር ደግሞ ልጆቹ ይሰማሉ።

ዛሬ ጠበቃ መዝገቡ ላይ የስልኩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ አየ፦ 46። "ሌባው ይሄ ነው! በሌላ ሰው ቤት ተራ የሚበላ። እንፈልገዋለን" አለ። ረጅሙ እንዴት እንደሚገኝ ማሰብ ጀመረ።

"ሰውየውን አታሳዱ፤ ደንቡን አሳዱ" አልኳቸው። "የዛሬውን ሰው ብትይዙ ነገ ሌላ ይመጣል። መዝገቡ ለነዋሪው ክፍት ቢሆን ግን ማንም አይደበቅበትም።" ነርሷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ለችሎቱ ዋና ነጥባችን ይሁን አሉ፤ የከተማው ኮሚቴ በመጪው ወር በ10 ሊሰማን ቀጥሮናል።

ምክሩ ልክ ነበር። የመከርኩበት ምክንያት ግን ልክ አልነበረም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።


ሐሙስ 26

የነርሷ እናት ሌሊቱን ሆስፒታል አደሩ። ውሃ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ። ቀንሰውላቸው መለሷቸው። ነርሷ ስብሰባው ላይ ዘግይታ ገባች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ተቀመጠች። ይቅርታ የጠየቀችው እኔን ነው።


ቅዳሜ 28

መልእክት። "የ3 ቀጠሮዎ ተረጋግጧል። እናመሰግናለን።"

እኔ 1 አልላክሁም። የተላኩትን ከፍቼ አየሁ፤ የለም። ለነገሩ የላክሁትን ሁልጊዜ እሰርዛለሁ።


ሐሙስ 3

ሄድኩ። ለማየት ብቻ። ዛሬ ጠዋት በሩ ሲከፈት ገብቼ የመልቀቂያውን ቅጽ ብፈርም ኖሮ እንኳ ማኅተም እሺ ይለኝ ነበር። መስኮቱ ፊት ለፊቴ ነበር። አሥራ ስምንት ስትሞላ ማየት ፈለግኩ።

የፎቶ ክፍሉ መጠበቂያ አሥራ ምናምን ወንበር አለው፤ ሁሉም ላይ ወጣቶች፣ እርጥብ ልብስ፣ የተነጠፈ ካርቶን። አሮጊት እኔ ብቻ። ጸሐፊዋ በዝርዝሩ ስም ትጠራለች። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የልጄን ስም ጠራች። ከነአባቷ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛ ጠራች። መብራት ጠፋ።

ሰው ሁሉ "ኧረ!" አለ። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ውጪው ጨልሟል። ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር አንዲት ልጅ ተነሳች። ቀጭን ናት። ወረቀቷን በግራ እጇ ይዛለች። የሰውን እግር እየተሻገረች ወደ ፎቶ ክፍሉ ሄደች፣ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ጸሐፊዋ ግን ቀድማ ሦስተኛ ጠራችው።

መብራቱ አልመጣም። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ሁላችሁም ሂዱ ተባልን። ያች ልጅ ስትወጣ አላየኋትም፤ በዚያ ጨለማ ግርግር ማንም ማንንም አላየም።

ሰባት ሰዓት ላይ፦ "ስለቀረቡ እናመሰግናለን። በኃይል መቋረጥ ምክንያት ፎቶዎ አልተነሳም። ሌላ ቀጠሮ ይላክልዎታል።"

ዛሬ የተጠራውን ሁሉ ቀርቧል ብለው ሞልተውት ይሆናል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ከአርባ ያነሰ ተመልሶ ይላካላ።


እሑድ 6

እህቴ ቤት ሄድኩ። ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ስልኩንም ጭምር። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እየቆረጠች የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

"ያኔ የሞት ወረቀቷን የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ ክፍልሽን ዘግተሽ ነበር። እኔም ልጄን እንደቀበርኩ ያህል ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም።"

"አሁን እንደገና ሞተች ብዬ ልጻፍ? ሁለቴ ልቅበራት?"

"አንዴም አልቀበርሽም" አለችኝ።

አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን መስኮት ጋ አስቀምጣ በጃኬቷ ሸፍናታለች። የነርሷን እናት አሰብኩ፤ ሁለት ትራስ ተደግፈው። ስምንት ቀን ነው የቀራቸው።


ረቡዕ 9

ነገርኳቸው።

ረጅሙ መጀመሪያ አልገባውም። 46 የኔ ነው ስለው ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ጠበቃ ተነሳ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት፣ "ማን ሞላው?" የሚለውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "እትዬ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ እኛን ሲያዩ ምን ይሉ ነበር በልብዎ?" አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ነገ እነግራቸዋለሁ እል ነበር።

ወጥቶ ሄደ። በሩን አላላተመውም፤ ቢያላትመው ይሻል ነበር።

ነርሷ ቁጭ እንዳለች ቀረች። እናቷን ልገድልባት ምንም ያልቀረኝ ሴት ነኝ። ብትሰድበኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር።

"ስሟን ያወጡላት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"አባቷ ነው፣ ነፍሱን ይማረው" አልኩ። "እኔ ሌላ ስም ፈልጌ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳዋን አነሳች። "ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል። አይዘግዩ" አለች።


ሐሙስ 10

ረጅም ቀን ነበር። የማስታውሰውን ልጻፍ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ማኅተም ጥግ ላይ ፋይሉን አቅፎ ተቀምጧል። ነርሷ የእናቷን ጉዳይ በሦስት ደቂቃ ጨረሰች። ከዚያ እኔ ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ዝግ ቤት፣ ስለ አርባው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ 1። ማኅተም ቀና ብሎ አላየኝም። ስንት ቤት አብረን እንደወለድን እሱም ያውቃል፤ እሱን ግን አልተናገርኩም።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "እንግዲህ የመዝገቡ ችግር አይደለም። የአንድ ሠራተኛ ጥፋት ነው። እሷ ትጠየቅ፣ ጉዳዩም ይዘጋ" አለ።

ያኔ ከኋላ ጠበቃ ተነሳ። መምጣቱንም አላወቅኩም ነበር። እርጥብ ነው፣ ወረቀት አልያዘም።

"እሳቸው አንድ ቀን ዋሹ" አለ። "ይጠየቁ። እኔም ተቀይሜያቸዋለሁ። መዝገቡ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በሩን ሳያንኳኳ አመናቸው። ቤቱ ውስጥ የታመሙ እናት አሉ፤ በየቢሮው እዚህ ነኝ ብለዋል። ከሕያዋኑ ይልቅ ወረቀቱ ታመነ። እኚህ እናት መዝገቡን የማየት መብት ቢኖራቸው ኖሮ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። የላይኛው ረድፍ ላይ ሌላ ስንት ዝግ ቤት አለ? አታውቁም። እኛም አናውቅም። ክፈቱትና እንቁጠር።"

አልጮኸም። ኮሚቴው ወጣ፣ ገባ። የላይኛው ረድፍ መዝገብ ለሦስት ወር ለሙከራ ለየቤቱ ነዋሪ ክፍት እንዲሆን ወሰኑ። ሦስት ወር ብቻ። ልጆቹ እንደ ሦስት ዓመት ተቃቀፉ። እኔ ለብቻዬ ቆሜ ነበር፤ ረጅሙ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

ከዚያ ማኅተም ጋ ወረድን። የእናትየዋን መልቀቂያ ፈረምኩ። የልጅቷን የሞት ማስታወቂያ ሲያስገባ ማሽኑ እምቢ አለው። "በ3 ቀርባለች ይላል። ባለፈው ሳምንት የቀረበች ሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሞተች ብል አይቀበልም" አለ።

"የዛሬን ቀን አድርገው" አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

"የለም" አልኩ። "ትክክለኛውን ቀን ጻፍ። በእጅህ አስገባው፣ በማኅተምህ።" ያሳወቀው ሰው የሚለው ላይ እናት ብዬ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ፣ በጥሩ ጽሕፈት። ማኅተም መታው። እንደዚያ በቀስታ ሲመታ አይቼው አላውቅም።

ደረጃው ላይ ትንሿ ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸች። "ስለ ሐዘንዎ መጽናናትን እንመኛለን። ነዋሪዋ ከመዝገብ ይሰረዛሉ። ይህ ስህተት ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ 1 ብለው ይመልሱ።"

አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ይህንን ማንም አላየም፣ ግን እጽፈዋለሁ።

ቤት አልሄድኩም። ከነርሷ ጋር ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ሄድኩና ስልኩን እናቷ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። "እስከ ሰኞ ያዙልኝ። ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ" አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ትራሳቸው ሥር አስገቡት።


ዓርብ 11

ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ታግጃለሁ። ልክ ናቸው።

ዝናብ። መደርደሪያው ላይ ስልኩ የነበረበት ቦታ አቧራ የሌለው አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።


ቅዳሜ 12

አሥራ ሰባት ቁጥር ድረስ ሄጄ ነበር። መንታ መንገዱ ጋ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ።


ሰኞ 14

ዝርዝሩ ወጣ። የነርሷ እናት ስማቸው ሃያ ሦስተኛ ላይ አለ፣ ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት። ነርሷ ደውላ አነበበችልኝ። የቀዶ ጥገናቸው ቀን ገና ነው፤ ግን ተራ አላቸው። ጠበቃ አጠገቧ ነበር መሰለኝ፤ "ለእትዬም ንገሪያቸው፣ የላይኛው ረድፍ ላይ አምስት ዝግ ቤት አገኘን በያቸው" ሲል ሰማሁ።

ከሰዓት ስልኩን ልወስድ ሄድኩ። እናትየው ትራሳቸው ሥር ከነበረበት አውጥተው በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ትናንት ሲመሻሽ ጮኸች" አሉኝ። "አደራ ስለሆነች አልነካትም ብዬ ነበር። ግን አላቆም አለችኝ፤ የሰው ልጅ እየተጣራ ዝም ማለት ነውር መሰለኝና አነሳሁት።"

"ማን ነው?"

"አልተናገረችም። ትንፋሿን ግን ሰማሁ። 'እናትሽ ደህና ናት። በልታለች፣ ተኝታለች' አልኳት። ትንሽ ቆየችና ዘጋችው።" ትንሽ አረፉ፤ ብዙ ሲያወሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። "ከዚያ በኋላ ወደ በሩ ሳይ አልነበረችም።"

ነርሷ ምድጃው ጋ ዞራ ነበር። ስለ ኦክስጅን ምንም አላለችም።

ስልኩን ቤት ይዤ መጣሁ። የጥሪ ዝርዝር አላት፤ ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሁሉንም ያሳያል። አልከፈትኩትም። መደርደሪያው ላይ፣ አቧራ የሌለው ቦታ ላይ መልሼ አስቀመጥኳት። ባትሪዋ አንድ መስመር ቀርቷታል።

ዛሬ ቻርጅ አላደረግኳትም።